የእርድ እድፍ

ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ፤
ሐሙስ ሐሙስ ማጠብ ለኔ ነው የደረሰኝ።
የአባቴን ሸሚዝ፣ ሰማያዊውን፣ ገልብጬ ሳይ፣
ከሁለተኛው ቁልፍ ትንሽ ወደ ላይ፣
ምስር የምታህል ጠብታ፣
ቢጫ፣ ደርቃ፣ ተኝታ።

እኛ ቤት መረቅ ማለት ጥቁር ነው፤
ራዎን ይሉታል፤ ሱራባያ ነው ያሳደገው።
የሚያጠቁረው ፍሬ ክሉዋክ ይባላል፤
ጥሬውን የበላ ሰው እስከወዲያኛው ያንቀላፋል።
አመድና አፈር ውስጥ አርባ ቀን ተኝቶ፣
እናቴ ሙቀጫ ይደርሳል ክፋቱን ረስቶ።

ካሲያቲ ከሌሊቱ ዘጠኝ ትነሣለች፤
ሥጋ ትመትራለች፣ ጠጅ ሳር ትወቅጣለች፤
አዛን ሲሰማ ዎኖክሮሞ ገበያ ጥግ ናት፣
ዘበኞች፣ ዓሣ ሻጮች፣ አዳሪ ነርሶች ከበዋት።
በፕላስቲክ ዱካ ላይ ጉልበትና አገጭ ሲሳሳም፣
"ዛሬ ጨው በዛ" ያላት አንድም ሰው የለም።
(ካለም፣ ሁለተኛ አልተመለሰም።)

ታዲያ ይህ ቢጫ ከየት መጣ?
የጥቁር ላም ወተት ነጭ ነው ቢባልም፣
የጥቁር ድስት መረቅ ቢጫ ሆኖ አያውቅም።
በሳሙና አሸሁት፤ ጭራሽ ቀላ፣ እንዳፈረ ሰው።
እርድን ፀሐይ ነው የሚጨርሰው፤
ወሩ ግን የዝናብ ነው፤ ፀሐይ የለችም።
እናቴ አየችው። ምንም አላለችም።

ዓርብ ዕለት ድስቷን በጊዜ ከደነች።
"ነይ" አለችኝ። ጥላዋን አነሣች።
ጫማችንን በእጃችን ይዘን ጎርፉን አለፍን፤
ከድልድዩ ማዶ አንድ ጋሪ አጠገብ ተቀመጥን።
ማዱራዊው ሙናዊ ዶሮ ይከትፋል፤
እንፋሎቱ መነጽሩ ላይ ይሰፍራል፤
ቀና ሳይል፣ ማንነቷን ሳያውቃት፣
"ለእርስዎስ እንዴት ላድርገው?" አላት።

ሠላሳ ዓመት ሰው ያበላች ሴት
መልስ ጠፋት።

"አይጨነቁ" አለ፤ "አንድ አለኝ ደንበኛ፣
ሰማያዊ ሸሚዝ የሚለብስ ሞተረኛ፣
እሱም መጀመሪያ ዝም ብሎኝ ነበር፤
በሦስተኛው ቀን ነው ያወጣው ነገር፦
ጉበት አይግባበት፣ ሎሚ ሁለት፣ ሩዙ ለብቻ።"

እናቴ ቀመሰች። "ዝንጅብሉ በዝቷል" አለች።
ደግማ ቀመሰች። ሳህኑን ጨረሰች።
ስንመለስ፣ ድልድዩ ላይ፣ ይህን ብቻ፦
"ሃያ ሁለት ዓመት ጋብቻ፣
የድስት ቂጥ ነው ያበላሁት።
እኔም ያንኑ ነው ቆሜ የላስሁት።"

ማታ የተረፈ ራዎን ቤት አልገባም።
(ለገበያው ዘበኛ ሰጠችው፤ ዘበኛው አላመነም።)
ቴምፔ ጠበሰች፤
ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ደቆሰች፤
መጥበሻው ላይ እንቁላል ሰበረች።
አባቴ ንጋቲሚን የራስ ቁሩን ይዞ ገባ፣
ከትከሻው ውሃ እየተንጠባጠበ፣ የሚበላ የተገኘ እንደሁ ሊያይ።
ዞራ ሳታየው፣ ከምድጃው ሳትለይ፣
ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው፣ በቀስታ፦
"ሎሚ ሁለት፣" አለች፣ "ሩዙ ለብቻ?"

ያን ቀን የለበሰው ሌላ ሸሚዝ ነው፣ ግራጫ፤
እጁ ግን ደረቱ ላይ ሄደ፣ ሊሸፍን ያንን የሌለ ቢጫ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
ዘይቱ ይንጣጣል።
"አዎ" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ቀጥኖ፣
የሰረቀውን ሊመልስ እንደመጣ ልጅ ሆኖ።
እሷም ሎሚውን ቆረጠች፣ አንድ፣ ሁለት፣
ሩዙን በሌላ ሳህን ገለበጠችለት።

ከዚያ ማንኪያዋን ወደ እኔ አዙራ፦ "አንቺስ?"

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ይህን የጠየቀኝ የለም።
አፌን ከፈትሁ፤ ምንም አልወጣም።
"እንጃ" አልኋት።
"አስቢ" አለች።
የእንቁላሉ ጠርዝ ማረር ጀምሯል፤
እሷ ግን ትጠብቃለች።